ተከታትለው የወጡት ቁጥሮች

የቤቶች ድርጅታችንን ሥራ አስኪያጅ ማይክራፎን እንለዋለን። ከእጁ አይለየውም፤ አንድ ቀን ቢያስቀምጠው ባዶነቱ ይታይበታል።

የቤት ዕጣ በወጣ ቁጥር «ለዘመድ ነው» እየተባለ አዳራሹ በጩኸት ስለሚናጋ የኳንተም ማሽን ተገዛ። ማሽኑ አንዲት የብርሃን ቅንጣት ግማሹን ብርሃን ወደሚያሳልፍ መስታወት ይልካል፤ ወይ ታልፋለች፣ ወይ ትመለሳለች። የትኛውን እንደምታደርግ ቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ የገጠምኩት እኔ እንኳ አላውቅም። ቁጥሩ የሚወጣው ከዚያ ነው። ይህን ለማይክራፎን አስረዳሁት። ለግድግዳው ባስረዳ ይሻለኝ ነበር።

እህቴ የቤት ተመዝጋቢ መሆኗንም አስቀድሜ ነገርኩት። ከልጆቿ ጋር በአንዲት የኪራይ ክፍል ትኖራለች፤ አከራይዋ እስከ ሐሙስ ልቀቂ ብሏታል።

«ማሽኑ እህትህን የት ያውቃታል!» ብሎ ሳቀ።

በዕጣው ቀን ቁልፉን የተጫነው ራሱ ነው። ሰሌዳው ላይ 311 በራ። ቀጥሎ 312። 312 የእህቴ የምዝገባ ቁጥር ነው። ከሕዝቡ መሃል ብድግ ብላ አፏን በእጇ ይዛ ቆመች።

ማይክራፎን ፊቱን አጨማደደ። «ክቡራንና ክቡራት፣ ማሽኑ ተሳስቷል! ዕጣ እንዴት ተከታትሎ ይወጣል?»

አዳራሹ አጨበጨበ። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት ይኸው ነው። 312ን አስጠፍቶ እንደገና ተጫነ። 87 ወጣ።

«ዕጣ ማለት እንዲህ ነው!» አለ፣ ራሱ የፈጠረው ይመስል።

አላስችል አለኝና ተነሳሁ። «ጌታዬ፣ ማሽኑ አልተሳሳተም። ማንም ያልነካው ቁጥር ተከታትሎም ይወጣል። እርስዎ እያማረጡ የሚያወጡት ከሆነ ግን ዕጣ አይደለም።»

«312 የማን ነው? እስቲ ለሕዝቡ ንገር» አለኝና ማይኩን አፌ ላይ ደቀነው። ለሰው ሲሰጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«የእህቴ።»

አዳራሹ በፉጨት ተደበላለቀ። «ሌባ!» ያለኝም አለ። ዘመድ ዘመድ እያሉ ሲጮኹ ኖረው፣ ማንንም የማያውቅ ማሽን ሲመጣላቸው ለማይክራፎን አጨበጨቡ። ናቅኋቸው። አሁንም እንቃቸዋለሁ።

እህቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። አላለቀሰችም።

«እውነቱን ንገረኝ፣ ወንድሜ። ማሽኑ ሰጥቶኝ ነበር?»

«ሰጥቶሽ ነበር።»

«ሳትነካው?»

«ሳልነካው።»

 ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«እንግዲያው ሐሙስ በጠዋት ና» አለችኝ። «አልጋውን ብቻዬን ማውጣት አልችልም።»