ዜማ ቤት የገባው ዳክ

ሰይፈሥላሴ ብርድ ልብስ ነጋዴ ነው። ሱቁ ውስጥ የተከመረው ብርድ ልብስ አንዱ ባንዱ ላይ ቢደረደር ከአንኮበር ተራራ በልጦ ቁልቁል አዋሽን ያሳያል። የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ጠዋት የተሰጠ ሰላምታ አየር ላይ ረግቶ እኩለ ቀን ሲሞቅ ነው የሚሰማው። ስለዚህ ሀብታም መሆን ለሰይፈሥላሴ ቀላል ነበር። ችግሩ ደንበኛ መጥቶ «ይሞቃል ወይ?» ሲለው እሱ የሚመልሰው ስለ ዳክ መሆኑ ነው።

ዳክ ማለት ሲዲ ላይ በቁጥር ተቀምጦ ያለውን ድምፅ ወደ እውነተኛ ድምፅ የሚመልስ ሣጥን ነው። የማንም ተራ ማጫወቻ ይህን ሥራ ሆዱ ውስጥ ይሠራዋል። የሰይፈሥላሴ ግን ራሱን የቻለ፣ ከወፍጮ ድንጋይ የሚከብድ ሣጥን ነው። ሲዲውን የሚያነበው ደግሞ ሌላ ሣጥን ነው፤ ትራንስፖርት ይባላል፣ እንደ ድስት ከላይ ይከደናል። ሁለቱ ከአዲስ አበባ የመጡ ዕለት ሚኒባሱ ሸኖ ላይ ተንበርክኮ ነበር። የሱቅ ጎረቤቱ ወርቅአገኘሁ ድምፁ እውነት ይለያል ወይ ብሎ ሲጠይቀው፣ የጉንዳን እርምጃ ሳይቀር ያሰማል፣ ጉንዳኑ የሚያነክሰው በየትኛው እግሩ እንደሆነም ይለያል ብሎ መለሰለት። ወርቅአገኘሁ ከዚያ ወዲህ ሰላምታውን ካንገት በላይ አድርጎታል።

ወለተሐና፣ ሚስቱ፣ ስለ ጉንዳኑ ግድ የላትም። እሷን ያስጨነቃት የሚካኤል ማኅበር ነው። ተራቸው ደርሷል፤ ማኅበርተኛው ይመጣል፤ ሳሎኑ ግን ሰው የሚያህሉ ሁለት ስፒከሮች እንደ ዘበኛ ግራና ቀኝ ቆመውበት፣ መካከሉን ሣጥኖቹ ይዘውት፣ አንድ በርጩማ የሚገባበት ክፍተት አጥቷል። እንግዶቹ የት ሊቀመጡ ነው ብላ ጠየቀችው። እሱም ይህን ድምፅ የሰማ ሰው መቀመጥ አያስፈልገውም፣ ይንሳፈፋል አላት።

«ማኅበርተኛ አይንሳፈፍም» አለችው። «ይበላል።»

ክርክሩ ሲከር ፍርዱን ለአባቷ ሰጡት። መሪጌታ ወልደተንሣኤ አንኮበር ዜማ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። ጆሯቸው የተለየ ነው፤ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ከገደሉ ሥር የሚያዜመውን ዲያቆን ይሰሙና ቁርስ መብላት አለመብላቱን ይናገራሉ። እሳቸው «ይቆይ» ካሉ ዳኩ ሳሎኑ ውስጥ ይቆያል፤ «ይውጣ» ካሉ በዚያው ሳምንት ይሸጣል። ሰይፈሥላሴ ተስማማ። ተስማምቶም ሰጋ፤ ምክንያቱም መሪጌታ «ይውጣ» ያሉት ነገር ተመልሶ ገብቶ አያውቅም።

እሳቸውን ይማርክልኛል ብሎ አንድ የማኅሌት ሲዲ ከገበያ ገዛ። መዘምራኑ እነማን እንደሆኑ ሽፋኑ ላይ አልተጻፈም። መሪጌታ በጠዋቱ ሚኒባስ ደረሱ፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው መሃል ተክለው፣ ከተረፈችው አንዲት ወንበር ላይ ተቀመጡ። በቅድሚያ የጠየቁት ለምን ሁለት ሣጥን እንዳስፈለገ ነው።

«አንዱ ንባብ ቤት ነው፣ መሪጌታ» አለ ሰይፈሥላሴ። «ሌላው ትርጓሜ ቤት።»

የሽማግሌው ቅንድብ ከፍ አለ። ደስ አላቸው። ሰይፈሥላሴም ሲዲውን አስጀመረ።

ከዚያ የሆነውን ለመናገር ሌላ አፍ ያስፈልጋል። ከበሮው አንድ ጊዜ ሲመታ የጎረቤት ዶሮ ከቆጧ ወረደች። ጸናጽሉ ሲንሿሿ የመስኮቱ መስታወት አብሮ አዜመ። የመዘምራኑ ጢም ከጢም ሲነካካ ይሰማል፤ ከመካከላቸው አንዱ ጫማው እንደጠበበውም ያስታውቃል። መሪጌታ፣ ተማሪ ፊታቸው ሲያዜም እንደ ልማዳቸው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሰይፈሥላሴ ሚስቱን አየት አደረጋት፤ አገር የያዘ ጦር አዛዥ እንኳ እንዲያ አያይም።

ይሄኔ መሪው ድምፅ ርክርኩ ላይ ደረሰ። ርክርክ ድምፅ ደረጃ በደረጃ እየተንከባለለ የሚወርድበት ቦታ ነው። ሰውዬው ግን አልተንከባለለም፤ ደረጃውን ሁሉ ዘሎ መሬት ላይ ዱብ አለ።

መቋሚያው ወለሉን መታው።

«ድገም» አሉ መሪጌታ።

ዜማ ቤት የተሳሳተ ተማሪ የሚሰማው ይህቺን ቃል ብቻ ነው። መሪጌታ ዕድሜያቸውን ሙሉ ብለዋታል፣ ተብላም ያለፋት አፍ የለም። ሲዲው ግን አለፋት። ምንም እንዳልተባለ ሁሉ ወደሚቀጥለው ስንኝ ገባ። የመሪጌታ ፊት ጠቆረ፤ ከንፈራቸው «ይው…» ለማለት ሲዘጋጅ ሰይፈሥላሴ በዐይኑ አየው።

ሪሞቱ ኪሱ ውስጥ ነበር። በለበሰው ጋቢ ሥር ደብቆ ተጫነና ሲዲውን ወደ ኋላ መለሰው። ድምፁ ከስንኙ መጀመሪያ ተነሣ።

የሽማግሌው ፊት በራ። ታዛዥ ነው አሉ ለራሳቸው፣ በሹክሹክታ። ድምፁ ግን ርክርኩ ጋ ሲደርስ እንደገና ዱብ አለ። ድገም ተባለ፤ ሰይፈሥላሴ ተጫነ፤ ዱብ አለ። መሪጌታ ራሳቸው አዚመው አሳዩት፤ ቀስ ብለው፣ ሕፃን እንደሚያጎርስ ሰው አድርገው። ሲዲው አዳመጠ፣ ደገመ፣ ዱብ አለ። ይህ እየቀጠለ ሄዶ የሰይፈሥላሴ አውራ ጣት የደብረ ብርሃን ድንች አከለ። ወለተሐና ምግቡን ይዛ ከጓዳ ስትወጣ «ድገም» በተባለ ቁጥር የባሏ ጋቢ ብድግ እንደሚል አየች። ሣህኑን አስቀመጠችና የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች።

በመጨረሻ መሪጌታ ዐይናቸውን ገለጡ።

«ንባቡ የጠራ ነው፣ ትርጓሜውም መልካም ነው» አሉ። «እንደሱ ያለ ታዛዥ ደግሞ ከዛሬ ልጆች መካከል አላየሁም። ዜማ ግን ይቀረዋል። አንኮበር ወስጄ አስተምረዋለሁ። ከተማረ ይመለስላችኋል፤ እንቢ ካለ ይሸጥ።»

ሰይፈሥላሴ እውነቱን ቢናገር የሚስቱን አባት፣ ያውም መሪጌታን፣ በገዛ ቤቱ ማሞኘቱን ማመን ነው። ዝም ቢል ዳኩ መሄዱ ነው። እሱ ሲያወጣና ሲያወርድ ወለተሐና ቀደመችው።

«ይሂድ እንጂ አባባ» አለች። «ብቻውን ግን ሰው አይለምድም። ሰይፌ ያድርሰው።»

በማግሥቱ ሣጥኖቹና ስፒከሮቹ በሱቁ ምርጥ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ከመሪጌታና ከሰይፈሥላሴ ጋር ሚኒባስ ተሳፈሩ። ከጎኑ የተቀመጠች ሴትዮ የተጠቀለለውን አይታ በሽተኛውን እግዚአብሔር ይማረው አለችው። ሰይፈሥላሴ ተማሪ ነው ብሎ መለሰላት። ሴትዮዋ እስኪወርዱ ድረስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

አንኮበር ጉሙ ከመውፈሩ የተነሣ ሰው በክርኑ እየገፋው ነው የሚሄደው። ዜማ ቤቱ ውስጥ ተማሪዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። መሪጌታ አዲሱን ተማሪ፣ ጠባዩ ጥሩ አእምሮው ዘገምተኛ ነው ብለው አስተዋወቋቸው። ሰይፈሥላሴ ከስፒከሩ ጀርባ ተሸጉጦ ብርድ ልብሱን ተከናነበ። ሲዲው ጀመረ፤ ርክርኩ ደረሰ፤ ዱብ አለ።

«ድገም» አሉ መሪጌታ፣ ዐይናቸውን እንደጨፈኑ።

በዚያች ቅጽበት መብራት ጠፋ። የሣጥኖቹ ትንንሽ ዐይኖች ከሰሙ። ሰይፈሥላሴ ሪሞቱን ቢጫን፣ ቢያናውጥ፣ ቢስመው ምንም የለም። ዜማ ቤት ውስጥ «ድገም» ተብሎ ዝም ማለት እንቢ ማለት ነው፤ እንቢ ያለ ደግሞ ሊሸጥ ተፈርዶበታል። ዳኩ በማያውቀው ሰው ሳሎን ውስጥ፣ የማንም አቧራ ሲጠጣ ታየው።

አፉን ከፈተና አዜመ።

ድምፁ የብርድ ልብስ ሻጭ ድምፅ ነው፤ ገበያ ለገበያ ሲጮህ የሻከረ። ነገር ግን ያቺን ስንኝ ትናንት ከመሪጌታ አፍ እየደጋገመ ጠጥቷታል። ርክርኩ ላይ ሲደርስ ድምፁ ራሱን ችሎ መንከባለል ጀመረ፤ ደረጃ በደረጃ፣ አንዲትም ሳይዘል፣ ወርዶ ወርዶ ማረፍ ካለበት ቦታ ላይ ለስለስ ብሎ አረፈ። አንኮበር ውስጥ ያን ያህል ጸጥታ ነገሥታቱ ከወጡ ወዲህ አልነበረም። ተማሪዎቹ መብራቱ የጠፋውን ሣጥን አዩ፣ የሚንቀጠቀጠውን ብርድ ልብስ አዩ፣ ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ጋቢያቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ።

መሪጌታ ዐይናቸውን ገለጡ። እሳቸውም ሣጥኑን አዩት። ብርድ ልብሱንም አዩት።

«ሣጥኑን መልሰህ ሳሎንህ አስቀምጠው» አሉ። «ለማኅበሩ ቀን ስፒከሮቹ ጓዳ ይገባሉ፣ ይበቃል። አንተ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣህ፣ ከተማሪዎቹ ጋር ተቀምጠህ፣ ዜማ ትቀጽላለህ።»

ሰይፈሥላሴ ከብርድ ልብሱ አንገቱን ብቅ አደረገ። ቅዳሜ ገበያ መሆኑን፣ ያለ እሱ ሱቁን የሚይዝ ሰው አለመኖሩን በትሕትና አስረዳ።

«ወለተሐና ትይዘዋለች» አሉ መሪጌታ፣ መቋሚያቸውን እያነሡ። «ትናንት ማታ ጓዳ ገብተን ስለ ጋቢህም ተነጋግረናል።»