ካፒቴን አይሰማም

ካፒቴን እግሩ ተሰብሮ ቤት በዋለባቸው ወራት የተዋጣለት ሥራ አንድ ብቻ ነው፦ ደንቆሮ መምሰል። "የሞተሩ ጩኸት ጆሮዬን በላው" አለ፤ በቃ፣ አለቀ። ሚስቱ "አንተ፣ ቁጭ ብለህም ቢሆን ሽንኩርቱን ላጥልኝ እንጂ!" ስትለው እንደ ሕፃን ፈገግ ብሎላት ጋዜጣውን ይገልጣል። ሰብል ላይ መድኃኒት የሚረጭ አውሮፕላን አብራሪ ነውና ማን ይጠረጥረዋል? አይ የሰው ተንኮል!

ቀጥሎ አማቱ መጡ። "ልጄ ናፈቀችኝ" ብለው ሻንጣቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። እሳቸውም ደንቆሮ አማች እንዳላቸው ወዲያው አመኑ፤ አምነውም ፊት ለፊቱ እንደ ልባቸው ያሙት ጀመር። ካፒቴን ሳቁን እየዋጠ ይሰማል።

አንድ ከሰዓት ግን ሚስቱ ሥራ ላይ ሳለች አማቱ አጠገቡ ቁጭ ብለው ጉዳቸውን ዘረገፉት። ናፍቆት የሚሉት ውሸት ነው። ትልቁ ልጃቸው "ቤቱ ጠቦናል" ብሎ አስወጥቷቸዋል። "ልጄ ይህን ከምትሰማ ብሞት ይሻለኛል" አሉና እንባቸውን በእጃቸው መዳፍ ጠረጉ። ካፒቴን ግን እንዳልሰማ ሆኖ ጋዜጣው ላይ አፈጠጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደንቆሮነቱ ስንፍና መሆኑ ቀረና ዕዳ ሆነበት። "ሰምቻለሁ" ቢል እኚህ ሴትዮ የት ይግቡ?

እግሩ ዳነ። ተኝቶ በከረመበት ጊዜ ግን የአብራሪነት የጤና ሰርተፊኬቱ ጊዜው አልፎበታል። አለቃው ደግሞ ቀልድ አያውቅም፤ "ርጭቱ ሰኞ ይጀመራል። ሰርተፊኬቱን ካላሳደስክ አውሮፕላኑን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ" አለው። ካፒቴን ከመብረር ሌላ ምን ያውቃል? ሽንኩርት መላጥ እንኳ አያውቅም።

ብቻውን ሹልክ ብሎ ክሊኒክ ሊሄድ አስቦ ነበር። ማን ሊለቀው! ሚስቱ መኪናውን አስነሥታ፣ አማቱ ከኋላ ተሰይመው ጠበቁት።

ዶክተሩ ደም ግፊቱን ለካ፣ ዓይኑን አየ፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ "ድምፅ በሰማህ ቁጥር ቁልፉን ተጫን" አለው። ካፒቴን አንድም ድምፅ አላመለጠውም። ዶክተሩ ሊፈርም ብዕሩን ሲያነሳ በሩ ተበረገደ።

"ይቅርታ ዶክተር" አሉ አማቱ፣ ሚስቱ ከኋላ ቀሚሳቸውን እየጎተተች። "እኔ ክፋት የለብኝም፤ አማቼ ነው፣ እወደዋለሁ። ግን ይሄ ሰው ጭራሽ አይሰማም! ከሰማይ ተከስክሶ ልጄን ጥቁር ሊያስለብሳት ነው!"

"ማሽኑ ይሰማል ይላል፣ እማማ።"

"ማሽኑ አብሮት ይኖራል?"

ዶክተሩ ብዕሩን አስቀመጠ። "ቤተሰብ እንዲህ እያለ መፈረም አልችልም። እንግዲያው እርስዎ ከጀርባው ይቁሙና በሹክሹክታ ይናገሩ። እሱ ጮክ ብሎ ይድገም።"

ካፒቴን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አማቱ ተንሾካሾኩ።

"ቀና ብለህ ተቀመጥ!" አለ ካፒቴን።

"በግምት ነው፤ ሁልጊዜ የምለው ነው" አሉና እንደገና ተንሾካሾኩ።

"ሻይ ላይ ስኳር የሚቆልል ሆዳም!" አለ ካፒቴን ኮራ ብሎ።

"አንተ!" አለች ሚስቱ። "ለካ ስትሰማ ነው የከረምከው? ቆይ፣ ቤት እንገናኝ!"

አማቱ ግን አልሳቁም። ቀለማቸው ተለወጠ፤ አንድ ነገር ትዝ ብሏቸዋል። ለሦስተኛ ጊዜ ተንሾካሾኩ፦ "ልጄ ከቤት እንዳስወጣኝ የነገርኩህንም... ሰምተሃል?"

ካፒቴን አፉን ከፈተ። ይህችን ብቻ ቢደግም አውሮፕላኑ የእሱ ነው። ግን ሚስቱ በሩ ላይ ቆማለች።

"ይሄኛውን አልሰማሁም" አለ።

"ደግመህ አስብ እስቲ።"

"አልሰማሁም አልኩህ እኮ፣ ዶክተር።"

"እንግዲህ ካፒቴን፣ እኔም ምንም ማድረግ አልችልም" አለ ዶክተሩ፤ ወረቀቱን ሊያጥፈው አነሳ።

"ቆይ!" አሉ አማቱ። "ውሸቱን ነው! ለእኔ ብሎ ሥራውን ሊያጣ ነው እንዴ?" ወደ ልጃቸው ዞሩና አንገታቸውን ቀና አደረጉ። "ስሚኝ ልጄ፤ ናፍቆት አይደለም ያመጣኝ። ወንድምሽ አስወጥቶኝ ነው። አሁን ለዚህ ሰውዬ በጆሮው ያልኩት ይሄንኑ ነው፤ እስከ ዛሬም ሰምቶ አፉን ዘግቶልኛል። በል ዶክተር፣ ፈርምለት! ከሚገባው በላይ ነው የሚሰማው።"

ዶክተሩ ቀስ ብሎ ፈረመ፤ ማኅተሙንም ድም አደረገው። ሚስትየው እናቷን ጭምቅ አድርጋ አቀፈቻቸው።

"እማዬ፣ ለእሱ የነገርሽውን ለእኔ መንገር እንዴት ከበደሽ?"

"እሱማ አይሰማም ብዬ ነዋ!" አሉ አማቱ፣ እያለቀሱም እየሳቁም።