የካስፓር ወንበር

ቬንደል ቱሪስት አይወድም። አይወድም ማለት እንኳ ያንሳል፤ ገና ከበሩ ሲያያቸው ደሙ ይፈላል። ምን ያድርግ! ሙኒክ ተወልዶ፣ ሙኒክ አርጅቶ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በዚህ ቢራ አዳራሽ ከወዳጆቹ ጋር ካርታ ልጫወት ባለ ቁጥር አንዱ መጥቶ ፎቶ ያነሳዋል። እሱም ዘዴ አበጅቷል፤ ቀና ብሎ አያይም። ፊቱን ማየት ያልቻለ ቱሪስት ሰልችቶት ይሄዳል።

በቋሚ ደንበኞች ጠረጴዛ ደግሞ፣ ከእሱ ፊት ለፊት፣ አንዲት ወንበር አለች። እሷን የነካ ከቬንደል አፍ አይተርፍም። የካስፓር ወንበር ናት።

ካስፓርና ቬንደል አብረው ያደጉ፣ አብረው ያረጁ አናጢዎች ነበሩ። ሲጣሉም ሲታረቁም እዚያችው ጠረጴዛ ላይ ነው። የካስፓር ሚስት ስትሞት አርጀንቲና ያለችው ልጁ "አባዬ፣ ብቻህን ምን ታደርጋለህ፣ ና" አለችው፤ እሱም እሺ አለ። ቬንደል ይህን እንደ ክህደት ቆጠረው። የስንብቱ ዕለት ካስፓር ኩባያውን አንስቶ "ለጤናችን፣ ወንድሜ" ሲለው፣ ቬንደል አጋጨና ዓይኑን ግን ዳቦው ላይ ተከለ። በዚህ አገር ደግሞ እያጋጩ ዓይን ለዓይን አለመተያየት ከስድብ ይከፋል።

"አላየኸኝም እኮ" አለ ካስፓር።

"ሂድ ከሄድክ! ምንህን ልይልህ?"

እልህ ምላጭ ያስውጣል። ካስፓር ከወንበሩ ተነሳ። ክዳኗ ላይ የአናጢ መላጊያ የተቀረጸባትን የሸክላ ኩባያውን አጠበ፣ የቋሚ ደንበኞች ኩባያ በሚቀመጥበት የብረት ፍርግርግ ውስጥ ቆለፈባት፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ወጣ። የቤቱ ደንብ ግልጽ ነው፤ የትም ይሁን የት፣ ቁልፉን የያዘ ሰው ወንበሩ የራሱ ነው። ቁልፉን እዚያው ሰክቶ የሄደ ግን ለቀቀ ማለት ነው፤ ወረፋ የሚጠብቀው ይወርሰዋል።

ስለዚህ ቬንደል ተስፋ አልቆረጠም። ቁልፉን ይዞ ነው የሄደው፣ ይመጣል። ሲመጣ ኩባያዬን አነሳና ዓይን ዓይኑን አየዋለሁ፤ ሌላ ምንም አልልም፣ እሱ ይገባዋል። ይህን ለዓመታት በሆዱ ሲለማመደው ኖረ። እስከዚያው ወንበሯን ይጠብቃል።

ያን እሑድ አዳራሹ ጢም ብሏል። የሙዚቃ ባንዱ ጥሩምባውን ሲያንባርቀው አጠገብህ ያለው የሚልህን አትሰማም። ቬንደል ደግሞ ለጉድ የሆነ ካርታ ደርሶታል፤ ያንን ጉረኛ ሥጋ ሻጭ፣ አሎይስን፣ ዛሬ ልክ ሊያስገባው ነው። አሎይስም ሌሎቹም ተጫዋቾች ካስፓር ከሄደ በኋላ የመጡ ናቸው፤ ካስፓርን በስም እንጂ በመልክ አያውቁትም።

አንዲት አስጎብኚ ባንዲራዋን ከፍ አድርጋ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው እየመራች ገባች። ጥቂት ቆይቶ አንዱ ወደ ጠረጴዛቸው መጣ። ቬንደል በካርታዎቹ ሥር ያየው አበባ የበዛበት ሸሚዝና አንገት ላይ የተንጠለጠለ የጉብኝት ባጅ ብቻ ነው። ሰውየው የካስፓርን ወንበር ሳብ አድርጎ ቁጭ አለባት!

"ተነስ!" አለ ቬንደል፣ ቀና ሳይል። "ሰው አለው!"

ሰውየው አንድ ነገር ተናገረ። ጥሩምባው ዋጠው።

"የቱሪስት ቦታ እዚያ ነው፣ በሩ ጋ! ፎቶውንም ጭፈራውንም እዚያ ታገኛለህ፣ አያ!"

አሎይስ ከት ብሎ ሳቀ። ሰውየው ግን ኩባያውን ወደ ቬንደል ዘረጋ። ቱሪስት ሁሉ እንዲህ ነው፤ አጋጭቶ ፎቶ መነሳት ይፈልጋል። ቬንደል ካርታዎቹን ወደ ፊቱ አስጠግቶ ተከለለባቸው። የተዘረጋው እጅ ጥቂት ቆየ፣ ከዚያ ወረደ። ወንበሯም ቀስ ተብላ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ቬንደል ጨዋታውን አሸነፈ። አቤት ደስታው! ጠረጴዛውን በቡጢ ደበደበው።

ባንዱ እረፍት ሲወጣ ቡርጊ መጣች። አስተናጋጇ ናት፤ ከተቀጠረች ገና ዓመቷ ቢሆንም ምላሷ ማንንም አይፈራም።

"ምነው ያን ሽማግሌ እንዲህ አዋረዳችሁት?"

"የቱን?"

"ከአርጀንቲና ጎብኚዎቹ ጋር የመጣውን፣ አሁን እዚህ የነበረውን ነዋ! ከፍርግርጉ ኩባያ አውጥቶ 'ሙዪልኝ እቴ' አለኝ፣ በእኛው አነጋገር፣ እንደ ሰፈር ልጅ። ከእናንተ ዘንድ ሲመለስ ጠብታ ሳይቀምስ አስቀመጠልኝ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። ምን አልከው አንተ?"

"ኩባያው... ክዳኑ ላይ ምን አለው?"

"መላጊያ።"

ካርታው ከእጁ ተበተነ። ወደ ፍርግርጉ ሄደ። የካስፓር ኩባያ የምትቆለፍባት ትንሿ በር ወለል ብላ ተከፍታለች፤ ቁልፉ እዚያው ተሰክቷል። ቬንደል ባርኔጣውን እንኳ ሳያነሳ ወደ ውጭ ሮጠ። አውቶቡሱ ማዕዘኑን ሲታጠፍ ጀርባውን አየ። "ካስፓር!" ብሎ ጮኸ፤ መንገደኛው ሁሉ ዞር አለ።

እያለከለከ ሲመለስ፣ ምንም ያልገባው አሎይስ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ!" አለው። ማንም አልሳቀም።

"ታውቀዋለህ ማለት ነው?" አለች ቡርጊ። "ታዲያ እንዴት ሳትለየው ቀረህ?"

"አላየሁትም" አለ ቬንደል። "ዛሬም አላየሁትም።" እንደ ሕፃን አለቀሰ።

በሳምንቱ ወንበሯን ወረፋ ሲጠብቅ የኖረ አንድ የባቡር ጡረተኛ ወረሳት። ጨዋ ሰው ነው፤ ቬንደል ክፉ አልተናገረውም።

አሁን አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ቬንደል ካርታውን አስቀምጦ ቀና ይላል። አጋጨን ላለው ሁሉ ኩባያውን አንስቶ ያጋጫል፣ ዓይን ዓይኑንም ትክ ብሎ ያየዋል። ቱሪስቶቹ "እንዴት ያለ ሰው ወዳድ ሽማግሌ ነው!" እያሉ ተሻምተው ፎቶ ያነሱታል። እሱም የአንዱን ፊት አይቶ ሲጨርስ ወደሚቀጥለው ይዞራል።