የጋሼ ቀኝና ግራ

“እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ” አለች የሁለቱ ወንድማማች ሠራተኞች እናት፣ ገና የመጽሐፍ መጠረዣ ቤቱን ደፍ ሳታልፍ።

የጠራዦቹ አለቃ መርፌና ክራቸውን ካርቶን ውስጥ ሲከቱ ቀና አሉ። “በምኑ?”

“አይደብቁኝ እንጂ። ተሹመው ፎቅ ሊወጡ አይደል?”

ትንሹ ልጇ ለምሳ ሲመጣ ነው ወሬውን ያመጣው፦ ጋሼ ጠረጴዛቸውን እያጸዱ ነው፤ ሥራ አስኪያጁም ሁለቴ አስጠርቷቸዋል። ከዚያ ወዲያ ማን ይያዛት። የእሁድ ጫማዋን አጥልቃ ከች አለች። ባለፈው እሁድ እንኳ፣ ለሁለት ልጆቿ የጌታን ቀኝና ግራ ስለለመነችው እናት ሲሰበክ፣ “ምን ያለችው ዓይን አውጣ ናት” ብላ ጎረቤቷን በክርኗ ጎሽማ ነበር። የሰው ነገር ሲሆን ስብከት ቶሎ ይገባል።

“ልጆቼን አደራ” አለች። “ትልቁን በቀኝ፣ ትንሹን በግራ አድርገው ይያዙልኝ። የሌላው ተራ ይደርሳል።”

ልጆቿ በሚያጥፉት ወረቀት ላይ አቀረቀሩ። የትንሹ ጆሮ ፍም መሰለ።

“እኛስ የእንጀራ ልጆች ነን?” አለ ሙጫ ቀቢው ከጥግ። “ነገ እኔም እናቴን ይዤ እመጣለሁ።”

ሁሉም ሳቁ። አለቃው አልሳቁም።

“ቦታውን የሚችሉት ይመስልሻል?”

“ምን ገዷቸው። እርስዎ የቻሉትን ይችላሉ።”

“አይ እህቴ” ብለው መቀሳቸውን በጨርቅ መጠቅለል ጀመሩ።

ሙጫ ቀቢው ብሩሹን አስቀመጠ። “እትዬ፣ ወደ ፎቅ አይደለም፤ ወደ ቤታቸው ነው። ሁለት ሰው ቀንሱ ተብለው ነበር። መጨረሻ የተቀጠሩት ደግሞ ያንቺ ልጆች ናቸው። ‘የኔ ደሞዝ የሁለቱን ያህላል’ ብለው የራሳቸውን ስም ጽፈው ሰጡ።”

“አንተ ሰው፣ አፍህን ያዝ አላልኩህም?” አሉ አለቃው።

የልጆቹ እጅ ባለበት ቀረ። እናትየው የወረቀቱን ክምር ተደገፈች። ጋሼ አልጋ የያዘች ሚስት እንዳላቸው የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም። እሷም ታውቃለች። ዛሬ ግን “እንዴት አደረች?” እንኳ ሳትል ነበር የገባችው።

“እርስዎስ?” አለች። “እርስዎ የት ሊሆኑ ነው?”

አለቃው ካርቶኑን በሲባጎ አሰሩ። ቋጠሮውን ጠበቅ አደረጉና፣

“እስካሁን የጠየቅሽኝ ቀኝና ግራውን ነበር” አሉ።