የማዳም ጂዜል ዝውውር

ሰሊማ ቤይሩት ዳር፣ ደክዋኔ በሚባል ሰፈር በቤት ሠራተኛነት የምትሠራላት ሴትዮ የሊባኖስ ወታደር ነበረች። ማዳም ጂዜል ትባላለች፤ ማዕረጓ ሃምሳ አለቃ ነው። ምድቧ በቃዓ ሸለቆ ውስጥ፣ ከሶርያ ድንበር ብዙም የማይርቅ ጣቢያ ስለነበር ሰኞ ማለዳ ትወጣና ዓርብ ትመለሳለች። እሷ በሌለችባቸው ቀናት ቤቱ ሰላም ነበር። ባሏ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ከሥራ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል።

በፈረንጆቹ 2019 መስከረም ላይ ጂዜል ማርገዟ ታወቀ። የሐኪም ወረቀቷን ለአዛዧ ባቀረበች በሳምንቱ ከበቃዓ ተነሥታ ቤይሩት አጠገብ ወዳለ ቢሮ ተዛወረች። መሣሪያ አትይዝም፤ ጥበቃ አትቆምም፤ ሥራዋ ቁጭ ብሎ መዝገብ መጻፍ ሆነ። የዚያን ቀን ዘመዶቿ ተሰበሰቡ። ሰሊማ ጣፋጭ እያዞረች፣ ጂዜል እግሯን ትራስ ላይ አድርጋ ስታወራ ሰማቻት። አዛዡ ራሱ ተነሥቶ ወንበሩን እንደለቀቀላት፣ እርጉዝ ሴት ደረጃ ስትወጣ ማየት እንደማይወድ ነገራቸው። በጥቅምት መንገዱ ሁሉ በሰልፈኛ ሲዘጋ ወታደር ጓደኞቿ አስፋልት ላይ ሲውሉ፣ እሷ ሶፋ ላይ ተጋድማ በቴሌቪዥን ታያቸው ነበር።

ሰሊማ የወሎ ልጅ ናት፤ ቤይሩት ከመጣች አምስት ዓመቷ ነው። እዚያው ሰፈር ሕንፃ ከሚጠብቅ አብዱልዋሂድ ከሚባል ሱዳናዊ ጋር ኒካሕ አስራለች፤ የሚገናኙት እሑድ እሑድ ነው። ኅዳር ላይ እሷም ማርገዟን አወቀች። አብዱልዋሂድ ሴትዮዋ ሳትሰማ ከዚያ ቤት እንድትወጣ መከራት። ሰሊማ ግን የጂዜልን የደንብ ልብስ ሱሪ ወገቡን እየፈታች ስታሰፋ፣ ትውከቷን ስትጠርግ፣ የዝውውሯን ወሬ ስትሰማ ስለከረመች ተስፋ አደረባት። ለእሷ እንዳዘኑላት ለእኔም ታዝንልኛለች ብላ አሰበች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነገረቻት። ጂዜል አልጮኸችም። ከላይ እስከ ታች አየቻትና የሚጋባባት ነገር ያለ ይመስል ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች። ከማን እንደሆነ ጠየቀች። ሱዳናዊ መሆኑን ስትሰማ ሰሊማ የቀዳችላትን ሻይ በጣቷ ጫፍ ገፋ አድርጋ፣ ብርጭቆውን ድጋሚ እንድታጥበው አዘዘቻት።

በማግስቱ ከፋርማሲ አንድ ከረጢት ይዛ መጣች። የራሷን ቫይታሚን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ከዚያው ከረጢት በወረቀት የተጠቀለሉ አራት ክኒኖች አወጣችና ዛሬ ሁለቱን፣ ነገ ሁለቱን እንድትውጥ ነገረቻት። ይህን ስትናገር ግራ እጇ የራሷን ሆድ ያሻሽ ነበር። ሰሊማ ያንን እጅ ስታይ ሰውነቷን ቀፈፋት።

ክኒኖቹን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻቸውና ልጅ ማስወረድ ሐራም ነው አለች።

"ኸላስ፣ በቃ፣ እኔም አዛወርኩሽ" አለች ጂዜል። "ነገ እናቴ ቤት ትሄጃለሽ። ሳምንት ሳይሞላሽ ክኒኑን ራስሽ ትለምኚኛለሽ።"

የእናትየው ቤት ባውሽሪዬ የሚባል ሰፈር፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰሩ ከተበላሸ ቆይቷል። አባትየው ግማሽ ጎኑ የማይታዘዝለት፣ ከባድ ሽማግሌ ነው። ሰሊማ በቀን ሦስት ጊዜ አቅፋ ታነሣዋለች፤ የመጠጥ ውኃውን ጀሪካንም ከታች ተሸክማ ትወጣለች። አሮጊቷ ክፉ ቃል አትናገርም። ብቻ በየጠዋቱ ስልኩ ሲደወል ዓይኗን ሰሊማ ሆድ ላይ ትጥልና ለልጇ "ገና ነው፣ ያኒ፣ ማለቴ፣ ምንም የለም" ትላታለች። ሰሊማ መጀመሪያ ስለ ምን እንደሚያወሩ አልገባትም ነበር። የሚጠብቁት ፅንሱ እስኪወርድ እንደሆነ የገባት ቀን የቤቱ እህል አስጠላት። የሰው ልጅ ሞት እንዲህ እንደ ጠዋት ሰላምታ ይጠየቃል?

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሽማግሌውን ስታነሣ ወገቧን ወጋት፤ መታጠቢያ ቤት ገብታ ስታይ ደም ጠብ ብሏል። ሽማግሌውን ቀስ አድርጋ አስተኛችው፣ አለበሰችው። እሱ ምንም አላጠፋም። ከዚያ ልብሷንም ሳትይዝ፣ በነጠላ ጫማ፣ ግድግዳውን እየተደገፈች አምስቱን ፎቅ ወርዳ ወጣች። አሮጊቷ ከላይ ስሟን ስትጠራ አልዞረችም።

ዶራ ሰፈር የምትኖረው ጓደኛዋ ነኢማ ከክፍሏ አስገብታ አስተኛቻት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከፍራሽ አላስነሣቻትም። ደሙ ቆመ። በ2020 ሐምሌ መጀመሪያ ሰሊማ ሴት ልጅ ወለደች።

ልጅቷ ሦስት ሳምንት ሲሆናት ጂዜል ደወለች። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር። የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ወደ በቃዓ መልሰዋት ነበር፤ አዲሷ ሠራተኛ ሕፃኑን አልቻለችበትም። ሰሊማን ይቅር እንዳለቻት፣ እሷ ዘንድ የቀረውን ፓስፖርቷንም በደህና እንዳስቀመጠችላት ተናገረች። ልጅቷ ግን ለአባቷ ትቅር፤ አንድ ቤት ሁለት ሕፃን አይሆንም አለች።

ሰሊማ ፓስፖርቱን ለአብዱልዋሂድ እንድትሰጥላት ጠየቀቻት።

"ስትመጪ" አለች ጂዜል። ቀጥላም፣ "ጡት ታጠቢያለሽ አይደል? የእኔ ደርቋል፤ ልጁ የጣሳ ወተት እምቢ ብሏል። ለእሱ ትሆኛለሽ።"

ሰሊማ ጡቷን የያዘችውን ልጅ አየቻት። ሻይ የቀዳችበትን ብርጭቆ የተጸየፈች ሴት፣ አሁን ወተቷን አልተጸየፈችም። አፏ በምራቅ ሞላ።

"ልጅሽ ምንም አላደረገኝም" አለቻት። "አንቺ ግን ቀፈፍሽኝ፣ ማዳም። ድምፅሽም ቀፈፈኝ።"

ስልኩን ዘጋችው። ነኢማ ምን አለችሽ ስትላት በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ ምራቋን ተፋች፣ ልጅቷንም ወደ ሌላው ጡቷ አዞረቻት። ፓስፖርቱ አልተመለሰም።