አየር በቃሬዛ

የዝግባ ሜዳ ሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ አቶ ጌጡ ስለ ሲሊንደር አያያዝ የማያውቀው ነገር አልነበረም፤ ከፍቶ ከማወቅ በቀር። ደብረ ታቦር ወርዶ ሥልጠና ወስዷል፤ ተመልሶም ሥልጠና ሰጥቷል። ለነርሶቹ ሰጠ፣ ለዘበኞቹ ሰጠ። የሚያሠለጥነው ሰው ሲያልቅበት ደግሞ የቀበሌውን ገበሬ ሰብስቦ፣ ከገብስ ነዶና ከድንች ጆንያ ሌላ ተሸክሞ ለማያውቅ ሕዝብ፣ «የታመቀ የሕክምና አየር በጥንቃቄ ካልተያዘ ቦምብ ነው» እያለ ከማለዳ እስከ ቀትር አስተማረ። የፈነዳ ሲሊንደር ግድግዳ በስቶ ሲወጣ የሚያሳይ ፎቶ ሳይቀር በግድግዳ ላይ አብርቶ አሳያቸው።

ሕዝቡን የገረመው ግን ቦምቡ ሳይሆን አየሩ ነበር። አያ ሙላቴ፣ የአገሩ ሽማግሌ፣ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ልጄ፣ በዚህ ብረት ውስጥ ያለው ምንድን ነው አልከን?»

«አየር ነው፣ አያ ሙላቴ።»

«ምን ዓይነት አየር?»

«ይኸው የምንተነፍሰው። ተጣርቶ፣ ታምቆ፣ በመኪና የመጣ።»

አያ ሙላቴ ዘወር ብለው በመስኮቱ የጉናን ተራራ አዩት። ጉና የዚያን ዕለት ነፋሱን ለቆት፣ የሆስፒታሉን ቆርቆሮ እንደ ከበሮ ይደልቀዋል። «እንግዲህ ለጉና ነፋስ በመኪና ማምጣት ከተጀመረ፣ ለጣናም ውኃ በእንስራ መላካችን አይቀርም» ብለው ተቀመጡ። ስብሰባው በሳቅ ተበተነ፤ አቶ ጌጡ በሪፖርቱ ላይ «ተሳታፊዎቹ በከፍተኛ ንቃት ተወያይተዋል» ብሎ ጻፈ።

የሲሊንደሩ መጋዘን በር በማስታወቂያ ተሸፍኗል። ማጨስ ክልክል ነው ይላል፤ በዝግባ ሜዳ ከአቶ ጌጡ ሌላ የሚያጨስ የለም። ቅባት የነካው እጅ ቫልቭ እንዳይነካ ይላል፤ ይህ እውነት ነው፣ ግን አቶ ጌጡ ትእዛዙን እስከ ፀጉር ስላደረሰው፣ ቅቤ የምትቀባው ፅዳት ሠራተኛ ፈንታነሽ ወደ መጋዘኑ ድርሽ እንዳትል ተከልክላ፣ መጥረጊያዋን ይዛ ሕንፃውን በጀርባ ትዞራለች። ሲሊንደሮቹ ቀድሞ ጋን በጠጠር ይደገፋል በሚለው ብሂል ዙሪያቸውን ድንጋይ ተጠግቶላቸው ነበር። ሥልጠናው ሰንሰለት ሲል በሰንሰለት ከግድግዳ ጋር ታሠሩ። ከኃይለኛ ቅዝቃዜ ይጠበቁ ሲል ደግሞ፣ የጉና ብርድ እንዳይመታቸው የሕሙማን ብርድ ልብስ ለበሱ። ሕሙማኑ በየነጠላቸው ተኮራምተው ያድራሉ።

አንድ ደንብ ብቻ ቀረ። ባዶው ከሙሉው ተለይቶ፣ ምልክት ተደርጎበት ይቀመጥ የሚለው። ይህን አቶ ጌጡ ረስቶት አይደለም፤ አስቦበት ነው የተወው። ከዞን የሚመጡት ገምጋሚዎች ሲሊንደር የሚቆጥሩት በቁመና ነው። ግማሹ ላይ «ባዶ» ተብሎ ቢለጠፍ ሆስፒታሉ ራሱ ባዶ መምሰሉ ነው። ስለዚህ ሁሉም ጎን ለጎን፣ ብርድ ልብሳቸውን ለብሰው፣ እንደ ሠርግ ሚዜ ተሰልፈው ቆሙ።

ታኅሣሥ ገብርኤል ሲቃረብ፣ ከሆስፒታሉ በላይ ካለው ኮረብታ የገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ቄሰ ገበዝ አስረስ ሽማግሎች አስከትለው ወረዱ። እንደ ደወል የሚመቱት የመኪና ቸርኬ ተሰንጥቆ፣ ድምፁ እንደ ጉንፋናም ሰው ጎርንኗል። ታቹ የተቆረጠ ባዶ ሲሊንደር ቢሰቀል ግን ድምፁ ሦስት ሸለቆ ይሻገራል፤ በሌላ ደብር ሰምተውታል።

«ባዶ ነው የምንለምንህ፣ ጌጡ ልጄ» አሉ ቄስ አስረስ። «ሙሉውን ለበሽተኛህ።»

አቶ ጌጡ በሕዝብ ፊት የሚሰጥ ነገር አግኝቶ እንቢ የሚል ሰው አይደለም። መጋዘኑን ከፈተ። ባዶውን ለማወቅ ግፊት መለኪያውን ማምጣት ያስፈልጋል፤ መለኪያው ያለው ጨቅላ ሕፃናት ክፍል፣ ሥራ ላይ ባለው ሲሊንደር ራስ ላይ ነው። ሽማግሎች ቆመው እየጠበቁ እሱ መፍቻ ፍለጋ ሊንከራተት? እናቱ ደብረ ታቦር ገበያ አጠገብ ጠላ ጠምቃ ነው ያሳደገችው። ጋን ሙሉ ይሁን ባዶ የጠላ ቤት ልጅ ምን መለኪያ ያሻዋል? በጣት ማንኳኳት ነው። የሞላው ድም ይላል፤ ባዶው ይጮኻል።

የቁልፉን መያዣ አወጣና ብርድ ልብስ የለበሱትን፣ ከግድግዳ የታሠሩትን መታ መታ አደረገ።

ድም። «ሙሉ» አለ። ድም። «ሙሉ።» ድም። «ይኼም ሙሉ።»

ጥግ ላይ፣ በቅርቡ መጥቶ ገና ሰንሰለትም ብርድ ልብስም ያልደረሰው አንድ ሲሊንደር ብቻውን ቆሟል። ሲመታው እጅግ የጠራ ድምፅ ስላወጣ ቄስ አስረስ ሳያስቡት አማተቡ።

«ይኼ ባዶ ነው» አለ አቶ ጌጡ፤ በቦታውም አጭር ንግግር አደረገ፤ አጭር ያለው እሱ ነው። ተሸካሚዎቹ ሲያነሡት አቃሰቱ። «ባዶው እንዲህ ከከበደ የሙሉው ተሸካሚ ምን ይሆን!» አለ አንዱ። «ብረት እኮ ነው» ብሎ ሳቀ አቶ ጌጡ።

በበዓሉ ዋዜማ ጠዋት፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ ሲስተር ማህሌት ቢሮው በር ላይ ቆመች። ፊቷ ደም የለውም።

«አቶ ጌጡ፣ ሙሉ ናቸው ያሉኝ ሲሊንደሮች ባዶ ናቸው።»

«የትኞቹ?»

«ሁሉም! መለኪያውን በየተራ ገጠምኩባቸው። ቀስቱ ንቅንቅ አላለም።»

ብርቱካን የምትባል የኮረብታው ልጅ ያለ ቀኑ ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ ሙሉ ሰውነቱ የአቶ ጌጡን ጫማ አያህልም። ትንፋሹን የሚገፋለት መሣሪያ ኦክስጅንን ከአየር ጋር ደባልቆ ነው የሚሰጠው፤ ኦክስጅን ብቻውን ለዓይኑ አይበጅም። መብራት የለም። አምቡላንሱ ለስብሰባ ሰዎች አድርሶ አልተመለሰም። ኔትወርኩ ከመብራቱ ጋር ሄዷል።

«የተገጠመለት አየር እስከ ቀትር ቢያደርሰን ነው» አለች ማህሌት። «ካለቀ በእጄ እየገፋሁለት እቆያለሁ፤ ግን እጅ ስንት ሰዓት ይችላል? ያ ባለፈው የመጣው ሙሉ የት ሄደ?»

አቶ ጌጡ በመስኮቱ ወደ ኮረብታው ዞረ። ያ ባለፈው የመጣው ሙሉ ኮረብታው ላይ ነው። ከደብረ ታቦር የተጠራው በያጅ ትሁን ደግሞ ጄኔሬተሩን በበቅሎ ጭኖ፣ ግራይንደሩን በትከሻው አንጠልጥሎ ጠዋት ሲያልፍ አቶ ጌጡ ራሱ «በርታ» ብሎታል። ታቹን ሊቆርጥ ነው የወጣው። ያ ግድግዳ በስቶ የወጣው ሲሊንደር ፎቶ በዓይኑ ላይ መጣ፤ ለገበሬው ሲያሳየው እንኳ እንዲህ አላስፈራውም ነበር።

ሩጫውን ለቀቀው። ለሩጫ ያልተሠራ ጫማው በገብስ ገለባ ላይ እየተንሸራተተ፣ ሳንባው እየጮኸ፣ ግን ጭንቅላቱ አሁንም ቢሮ ውስጥ ነው፤ ስህተቱ ሳይነሣ ሥራው የሚቆምበትን ዘዴ ያረቅቃል።

ሲደርስ ሲሊንደሩ ሁለት ድንጋይ ላይ ተጋድሟል። ምእመኑ ክብ ሠርቶ ቆሟል። ትሁን የፀሐይ መነጽሩን አድርጎ የጄኔሬተሩን ገመድ ጨብጧል።

«አባታችን፣ ይቆይ!» አለ አቶ ጌጡ እያለከለከ። «ከዞን ደብዳቤ ይመጣል።»

«ደብዳቤ ከበዓል በኋላም ይነበባል» አሉ ቄስ አስረስ።

«ብረቱም መታጠብ አለበት። የበሽታ ተሐዋስያን…»

«ጸበል እንረጨዋለን።»

«ትሁን፣ አንተስ ለዚህ ፈቃድ አለህ?»

«ፈቃዴን ሲጮኽ ትሰማዋለህ፣ ጋሼ» አለና ትሁን ገመዱን ሳበ። ጄኔሬተሩ ተንተክትኮ ተነሣ፤ ግራይንደሩ አፏጨ። ትሁን ጎንበስ ሲል አቶ ጌጡ ዘሎ ሲሊንደሩ ላይ እንደ ፈረስ ተቀመጠበት።

«ሙሉ ነው!» ብሎ ጮኸ።

ትሁን ግራይንደሩን ወደ ኋላ አነሣ። «ምን?»

«አየር አለበት! ብትቆርጠው አንተንም እኔንም ቤተ ክርስቲያኑንም ይዞ ነው የሚሄደው!»

«ባዶ ነው ብለህ መታህልን እኮ» አሉ ቄስ አስረስ። «ጮኸ እኮ። በጆሯችን ሰማን።»

«ካለበት እስቲ ክፈተው» አለ ትሁን። «ፉሽ ይበልና እንመን። አለዚያ ተነሥ፣ በዓሉ ነገ ነው፤ እኔም አገሬ ልግባበት።»

አቶ ጌጡ እጁን ወደ ቫልቩ ሰደደ። ቆቡን ነካው፤ ከዚያ እጁን ሰበሰበ።

«አልከፍተውም።»

«አየህ!» አለ ትሁን ወደ ሕዝቡ ዞሮ።

«የብርቱካን ልጅ አለ» አለ አቶ ጌጡ። «ያለ ቀኑ የተወለደው። ይህ የእሱ ትንፋሽ ነው። ለእናንተ ማሳያ ብዬ ባፈሰው እሱ ምን ይሳብ?»

«ጉና ሙሉ ነፋስ እያለ?» አሉ አያ ሙላቴ ከምእመኑ መሃል።

«ጉና ደጅ ነው፣ አያ ሙላቴ። ልጁ ነፋሱን ወደ ውስጥ መሳብ አልቻለም፤ ሳንባው ገና ነው። የሚገፋለት ይፈልጋል።» ከሲሊንደሩ ሳይወርድ ዙሪያውን አየ። ሰው ሁሉ ይጠብቃል። ማስረጃ የለውም፤ ማስረጃው ቢወጣ ልጁ ይሞታል። «እኔ… እንደ ጠላ ጋን አንኳኩቼ ነው የለየሁት። ድም ያሉት ብርድ ልብስ ስለለበሱ ነው። መለኪያ ማምጣት ነበረብኝ፤ እናንተ ፊት አዋቂ ልምሰል ብዬ ተውኩት። ተሳስቻለሁ።»

ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። በቅሎዋ ጆሮዋን አረገበች።

በዝግባ ሜዳ ብዙ ሹም መጥቶ ሄዷል። ማዳበሪያው የዘገየ ጊዜ «ዝናቡ ቀድሞ ነው» ተብሏል። ድልድዩ የፈረሰ ጊዜ ወንዙ ተወቅሷል። የውኃ ቦኖው በተመረቀ ማግስት የደረቀ ጊዜ ደግሞ ሕዝቡ ራሱ፣ ውኃ አብዝቶ ጠጣ ተብሎ ተገምግሟል።

«ትሁን፣ ማሽንህን አጥፋ» አሉ አያ ሙላቴ።

«እንዴ፣ አያ ሙላቴ! ማስረጃ እኮ የለውም!»

«ሹም በአደባባይ ‹ተሳስቻለሁ› አለ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትሻለህ? ወይ እሱ አብዷል፣ ወይ ብረቱ ሞልቷል።»

«ያበደ ሰው ሌላውን ነው የሚወቅስ» አሉ ቄስ አስረስ። «አጥፋ፣ ልጄ።»

ትሁን አጠፋ። መነጽሩን አውልቆ ከሲሊንደሩ ሦስት እርምጃ ሸሸ፤ ምን ሊቆርጥ እንደነበር ገና አሁን ገባው።

ጎረምሶቹ ቁልቁለት ነው ብለው ሊያንከባልሉት ሲሉ አቶ ጌጡ አሁንም ጮኸ። «አይንከባለልም! አይወድቅም! ራሱ ከተመታ አለቀልን!»

«እንደ ሕመምተኛ ነዋ» አሉ አያ ሙላቴ። «ቃሬዛ አምጡ።»

ሲሊንደሩ ቃሬዛ ላይ ተጋደመ፤ በጠፍር ታሠረ። አቶ ጌጡ ከፀሐይ ይጠበቅ ሲል ጋቢ አለበሱት። የአገሩ ወግ ቃሬዛ ያየ ሁሉ ትከሻውን ያበድራል ነውና፣ ለበዓል በግ የሚነዳ ሰው በጉን ለሚስቱ አስይዞ ገባ፤ እንጨት የተሸከሙትም አወረዱ። «ማን ነው? ምን አገኘው?» ይላል መንገደኛው። «የብርቱካን ልጅ አየር ነው» ይላሉ ተሸካሚዎቹ፤ መንገደኛው ያልገባውን ነገር «እግዜር ይማረው» ብሎ ተሸክሞ ይነጉዳል። አንዲት ባልቴት ከጋቢው ሥር ያለውን ቀጭን ቁመና አይተው ደረታቸውን ያዙ። «ወየው! ምንኛ ከስቷል!» ትሁን ከፊት በስተቀኝ ተሸክሞ ነበር፤ «ባይከብድ ምን አለበት፣ እማማ» አለ ጥርሱን ነክሶ።

ሲደርሱ ማህሌት ጎንበስ ብላ በእጇ ትገፋለች፤ ላቧ ከአገጯ ይንጠባጠባል። ብርቱካን ጥግ ላይ ቁጢጥ ብላ የማህሌትን ጣቶች ብቻ ታያለች።

አቶ ጌጡ ሲሊንደሩን አቁሞ በሰንሰለት አሠረው። መፍቻውን ሊያነሣ ሲል እጁን አየው፤ በመንገድ ላይ ስንት ለበዓል ቅቤ የተቀባ ሰው ጨብጦታል፣ ጠፍሩም በሞራ የታሸ ነበር። «ሳሙና!» አለ። ፈንታነሽ ውኃና ሳሙና ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«እኔ እንዳልገባ ማስታወቂያው…»

«አፍስሺልኝ፣ ፈንታነሽ፣ ባክሽ።»

ታጠበ፤ አደረቀ፤ መለኪያውን ገጠመ። ከፊቱ ገለል ብሎ ቆመና ቫልቩን በዝግታ፣ በጣም በዝግታ አዞረው። በሥልጠና ስንት ጊዜ «በዝግታ» ብሏል፤ በእጁ ሲያዞረው የመጀመሪያው ነው። ቀስቱ ተነሣ። ወጣ፤ ወጣ፤ አረንጓዴው ላይ ቆመ። ማህሌት ቱቦውን አገናኘች። የመሣሪያው የውኃ ጠርሙስ ቡልቅ ቡልቅ ማለት ጀመረ፤ ምስር የምታህለው የሕፃኑ አፍንጫ ጫፍ ከሰማያዊነት ወደ ቀይነት መለስ አለች። ማህሌት የደነዘዙ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከትታ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች።

ውጭ፣ ቃሬዛ ያመጣ ሰው የሕመምተኛውን ወሬ ሳይሰማ አይበተንምና፣ አገር ምድሩ በግድግዳው ጥግ ተደርድሮ ይጠብቃል። አቶ ጌጡ ወጣ። ሕዝብ ሲያይ ጉሮሮውን መጥረግ ልማዱ ነው፤ ጠረገ።

«ክቡራን የዝግባ ሜዳ ነዋሪዎች፤ በመጀመሪያ ደረጃ…»

«ጌጡ» አሉ አያ ሙላቴ፣ «ልጁ ይተነፍሳል ወይ?»

«ይተነፍሳል።»

«በቃ። ና ተቀመጥ።»

ተጠጋግተው ቦታ ሰጡት።