የኔ ኦቨንና የጄኔራሏ ፍርድ

የመጀመሪያ ልጄን ሰፈሩ ሁሉ ጄኔራሏ ይላታል። ስሙን ያወጣሁላት እኔው ነኝ፤ ገና ጥርሷን ሳትቀይር አባቷን ጫማህን አስተካክል፣ ቀጥ ብለህ ተቀመጥ ትለው ነበር። አንድ ቀን በኔው ላይ ትዘምታለች ብዬ ግን አላሰብኩም።

ባለፈው እሁድ ከባሏ ጋር ሊጠይቁኝ መጡ። ይዛ የመጣችውን ዳቦ ላሙቀው ብላ ኦቨኑን ለኮሰች። ትንሽ ቆይቶ ጥቁር ጭስ ቤቱን ሞላው። ጭስ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ጉሮሮ የሚቧጥጥ ነገር ነው። ጎረቤት በር ደበደበ፤ አማቼ መስኮት ልክፈት ብሎ ሲሯጥ መጋረጃዬን ከነዘንጉ ይዞት ወረደ። ጄኔራሏ ጋዙን ዘጋች፤ ጭሱ ሲቀል የኦቨኑን በር ከፍታ ውስጡን አየች፣ ቀጥላ እኔን አየች። ውስጡ ጥቀርሻ ብቻ ነው።

"እማዬ፣ ከእንግዲህ ብቻሽን መኖር አትችይም" አለችኝ።

እነሱ ቤት የጓሮዋ ክፍል ተዘጋጅታልኛለች፤ በሚመጣው እሁድ መኪናና ሻንጣ ይዘው ይመጣሉ፤ አለቀ ደቀቀ። ያቺን ክፍል አውቃታለሁ። መስኮቷ የሚያየው የሰው ግድግዳ ነው። እኔ ደግሞ ከባሌ ጋር የኖርኩበትን፣ ልጆቼን ያሳደግኩበትን ቤት ትቼ ግድግዳ ላይ ላፈጥ ነው። ጄኔራሏ ማስረጃዋን ደረደረች፦ ጉልበቴ ያመኛል፣ ኦቨኔ ሰው ሊገድል ነው፣ ከሁሉ ከሁሉ ደግሞ ባለፈው ወር እኔ ቤት የተረሳውን የሰማያዊ ፕላስቲክ ምግብ መያዣዋን ክዳን የት እንዳደረስኩት እንኳ አላውቅም። መጃጀት እንዲህ ነው የሚጀምረው አለች።

እውነቱን ልናገርና ፈራሁ። ምናልባት ልክ ናት፣ ምናልባት ሳይታወቀኝ አርጅቻለሁ አልኩ። ሲሄዱ ሆድ ባሰኝና አለቀስኩ። አልቅሼ ሲወጣልኝ ደግሞ ተናደድኩ። እኔን ንዴት የሚያሽለኝን ያህል የሐኪም ኪኒን አያሽለኝም።

በማግስቱ ወገቤን ታጥቄ ተነሳሁ። ጋዙን ከሲሊንደሩ ዘጋሁ፣ መስኮቱን በረገድኩ። ፍርግርጎቹን አውጥቼ ሳፋ ውስጥ በፈላ ውሃና በሳሙና ዘፈዘፍኳቸው። ቤኪንግ ሶዳ በውሃ ለውሼ፣ እሳቱ የሚወጣባቸውን ቀዳዳዎች ሳልነካ፣ የኦቨኑን የውስጥ ግድግዳ ሁሉ መረግኩትና አሳደርኩት። ሲነጋ ጉልበቴ ስር ትራስ አድርጌ በእንጨት ማማሰያ መፋቅ ጀመርኩ። ኮምጣጤ ስረጭበት አረፋ እያወጣ ተንጨረጨረ። እየፋቅኩ ሰደብኩት፤ አንተ ነህ ከቤቴ የምታስወጣኝ፣ እስቲ ማን እንደሚወጣ እናያለን አልኩት። ጥቁሩ እየተላጠ ወረደ፣ ከስሩ ብረት ብቅ አለ። የዓመታት የጥብስ ቅባት ነው፣ የኔ ነው፣ አልክድም።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። የቅባት ጭስ ዕድሜዬን ሙሉ ያሸተትኩት ነው፤ የእሁዱ ሌላ ነበር፣ የተቃጠለ ፌስታል ፌስታል የሚል። ስለዚህ የታችኛውን ቆርቆሮ ብሎኖች በቢላ ጫፍ ፈታሁና ብድግ አደረግኩት። እሳቱ የሚወጣበት ቧንቧ ላይ ሰማያዊ ነገር ቀልጦ ተጋግሯል። በቢላ ፈንቅዬ ሳወጣው ግማሹ አልነደደም፤ የክዳኑ መዝጊያ ጆሮ እንኳ ደህና ነው።

ወይ ጉድ! ሁሉም ትዝ አለኝ። ባለፈው ወር ድንገት እንግዳ ሲመጣብን ጄኔራሏ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ዕቃ በሙሉ ጠርጋ ኦቨን ውስጥ ከተተችና በሩን ዘጋች። ከተማሪነቷ ጀምሮ ያልታጠበ ሳህን የምትሸሽገው እዚያ ነው። ኋላ ሰብስባ ስታወጣ ክዳኑ በቆርቆሮው ጀርባ ባለው ክፍተት ሾልኮ ገብቷል። እኔ ብቻዬን ስለሆንኩ የላይኛው ምድጃ ይበቃኛል፤ ከዚያ ወዲህ ኦቨኑን የለኮሰችው እሷው ናት። ቤቴን በጭስ የሞላችው ራሷ፣ የፈረደችብኝም ራሷ! ወለሉ ላይ እንደተዘረጋሁ እስኪያመኝ ሳቅኩ።

የቧንቧውን ቀዳዳዎች በመርፌ ጠረግኩ፣ ሁሉንም አድርቄ መለስኩና ለኮስኩት። ሰማያዊ እሳት ዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ ነደደ። ያን ጊዜ እልል አልኩ። ጎረቤቴ ከበር ወዲያ ሆና ማንን ዳርሽ ብላ ጠየቀችኝ።

እሁድ መጡ። አማቼ ባዶ ሻንጣ ይዟል፤ ዓይኔን ማየት አፍሯል። ቤቱ የሚሸተው የዶሮ ጥብስና ድንች ነው፣ የጭስ ዘር የለም። ጄኔራሏ ቀጥታ ሄዳ ኦቨኑን ከፈተች። ጎንበስ ብላ ጥግ ጥጉን በጣቷ ልትሞክር ስትል ሙቀቱ መለሳት።

"ማንን ቀጥረሽ ነው?" አለችኝ።

"ጉልበቴን" አልኳት።

ምሳ ሲቀርብ ለሁሉም ዶሮ አወጣሁ። ለእሷ ግን መጀመሪያ ሌላ ሳህን ነው ያቀረብኩላት። "ክዳንሽን አገኘሁልሽ፤ ከኦቨኑ ወለል ስር ነበር" አልኳት። አገላብጣ አየችው፣ የመዝጊያውን ጆሮ ነካች፣ እንግዳ የመጣበት ቀን ትዝ ሲላት ፊቷ ላይ አየሁት። ኩም አለች። አማቼ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞክሮ አልሆነለትም። ልቤ ቅቤ ጠጣ ብል አልዋሸሁም።

ከዚያ ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ። "እማዬ፣ እንዳላጣሽ ፈርቼ እኮ ነው" አለች።

"አውቃለሁ የኔ እናት። ስትፈሪ ጠይቂኝ እንጂ ሻንጣ ይዘሽብኝ አትምጪ።"

አንገቷን ነቀነቀች። ዶሮውን አጥንቱ እስኪቀር በላን፤ ስለ ጓሮዋ ክፍል ማንም አላነሳም። ሊሄዱ ሲሉ ጄኔራሏ በሩ ላይ ቆም አለችና፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የእነሱም ኦቨን እንደሚጨስ ነገረችኝ። ውስጡ ምን እንዳለ አልጠየቅኳትም። ሻንጣውን ከአማቼ ተቀብዬ ቤኪንግ ሶዳዬን፣ ኮምጣጤዬን፣ ማማሰያዬንና የጉልበቴን ትራስ ከተትኩበትና መልሼ አሸከምኩት።

"ስጨርስ ወደ ቤቴ ትመልሱኛላችሁ" አልኩ።

"እሺ እማዬ" አለች ጄኔራሏ።

በሬን ቆለፍኩ፣ ቁልፌን ኪሴ ከተትኩና ቀድሜያቸው ደረጃውን ወረድኩ።